ከንብ ጋር አልዘፍንም

ኩብራ ዓብዱራህማን የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላት ከካቻቢቴ በፊት ጥያቄ ታነሣለች። «መቼ ጀመረው? ምን ስታደርጉት ይብስበታል? ማን ነካው?» ባለቤቱ ዕቃውን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮ ውልቅ ሊል ካሰበ፣ «ልጅህን ሐኪም ቤት ጥለህ ትሄዳለህ እንዴ? ቁጭ በል እንጂ!» ትለዋለች። ይቀመጣል። ያልተቀመጠ ሰው እስካሁን አላየሁም። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከእሷ ሱቅ ጋር የሚዋሰነው በችፑድ ግድግዳ ስለሆነ የደብረ ብርሃን ሬዲዮ ሁሉ ምን ምን እንደሚያመው ሳልፈልግ ተምሬዋለሁ። ሳልፈልግ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ በጣም እየፈለግሁ ነው።

ተወልዳ ያደገችው ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ ነው። አባቷ ነጋዴ ነበሩ፤ ከቆላው ሰው ጋር በርበሬና ጨርቅ ሲገበያዩ የኖሩ። ትምህርቷን እንድትቀጥል ብለው ደብረ ሲና አጎቷ ዓወል ዘንድ ላኳት። አጎቷ ደግሞ መንገድ ዳር የመኪና ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ከጣርማ በር የወረደ የጭነት መኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ሾፌሩም ወርዶ «ሬዲዮዬ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጮኻል» ይላል። ኩብራ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና «ይኼ ከዲናሞው ነው፤ ያኛው ግን ከአንቴናው ነው» ብላ ትለያለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ «ኩብራ ጆሮ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ከጭነት ጋር አቀበቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ቀድሟት ገባ። እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ወልዳ፣ በዚያች በአንዲት የመበየጃ ካውያዋ ሽቦ እየበየደች ልጆቿን አሳደገች። የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ሲታመም የሚጠራው እሷን ነው። «ሁለቱም ቤት ይመርቀኛል። የትኛው ምርቃት እንደሠራልኝ አላህ ነው የሚያውቀው» ብላ ትስቃለች።

እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ናት ባለፈው ጥር አንድ ሳምንት ሙሉ ከአንድ እምምም ከሚል ድምፅ ጋር የታገለችው።

ሰኞ ጠዋት ነው። ውርጩ ገና ከባጃጆቹ መስታወት ላይ አልለቀቀም። አንድ ባጃጅ ሱቋ ደጃፍ ቆመና ጋሽ ወልደአረጋይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ወረዱ። አስተቃቀፋቸውን አይቼ በሽተኛ የያዙ መስሎኝ እየሮጥሁ ወጣሁ።

«ቀስ! ቀስ በል! በጭንቅላቱ አታዙረው!» አሉኝ።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ በሽተኛው የጊታር ማጉያ ሆኖ ተገኘ። ፊቱ ግራጫ ጨርቅ የለበሰ፣ ጠርዙ በቆዳ የተለበጠ፣ የእንጨት ሣጥን። ከኋላው ሲታይ ዛሬ ትንንሽ ቺፖች የሚሠሩትን ሥራ ድሮ ይሠሩ የነበሩት የብርጭቆ አምፖሎች ተደርድረውበታል፤ ኩብራና ጓደኞቿ ቫልቭ ይሏቸዋል። ሲበሩ እንደ ፍም ይቀላሉ። ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል ማለት ይቻላል፤ ከእኔ ግን በደንብ ተይዟል።

ጋሽ ወልደአረጋይን ለማታውቁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበሩ። ድር ተበጠሰ፣ ክር ተጠማዘዘ ሲባል የሚሮጡት እሳቸው ናቸው። ከሥራ በኋላ ደግሞ የሠራተኞቹ የሙዚቃ ጓድ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። ዘፋኟ እትዬ ማርያማዊት ነበሩ፤ እሳቸውም የዚያው ፋብሪካ ሰው፣ የፈትል ክፍል። ጓዱ ከተበተነ ቆየ። ማጉያውን ጋሽ ወልደአረጋይ ወስደው በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስቀመጡት።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች ኩብራ። «መቼ ጀመረው?»

«ትናንት። ማለቴ ትናንት ሰማሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አብርቼውም አላውቅ። ቅዳሜ የማርያማዊት መሸኛ ነው። ልጇ አርባ ምንጭ ልትወስዳት እሑድ ይንቀሳቀሳሉ። የጡረተኞች አዳራሽ እንሰበሰባለንና ያንን የሌሊት ፈረቃ ዘፈናችንን አንድ ጊዜ አብረን ብንለው አልሁ። ልንለማመድ አበራሁት።» አፋቸውን ገጥመው እንደ ማሽን «እምምምም» አሉ። «በቃ። ይኼ ነው።»

«ዘመናዊ ማጉያ ላውስዎት? አለኝ እኮ።»

«የአዳራሹን ሞከርነው። ጊታሬን የቆርቆሮ ድምፅ አደረገው። 'ይኼ ወልደአረጋይ አይደለም' አለችኝ ማርያማዊት።» ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ኩብራ፣ ዕድሜያችንን ታውቂዋለሽ። አርባ ምንጭ ከሄደች ተመልሳ አትመጣም። እኔም እዚያ አልደርስም።»

ኩብራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሦስተኛውን ጥያቄዋን ጠየቀች። «ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል! ከእኔ እጅ በቀር የሰው እጅ አላረፈበትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «እርስዎስ ምን አደረጉት?» ብላ ትከተላለች። እኔን የቴሌቪዥን ሪሞቴን ሳመጣ እንደ ፖሊስ መርምራኛለች። የተከበረ ሽማግሌን ግን፣ ያውም ማጉያውን እንደ ሕፃን ያቀፉትን፣ እንዴት እንዲህ ብላ ትጠይቅ? ዝም አለች። ያ ዝምታ ሳምንቱን እንደሚበላባት ያኔ አላወቀችም።

ሣጥኑን ከፈተችውና «ሱብሐነላህ!» ብላ በግድግዳው ጠራችኝ። ሄጄ አየሁ። ሽቦው ሁሉ እንደ ተወጠረ ድር ቀጥ ብሎ፣ ጎን ለጎን ተኝቶ፣ በየቦታው በቀይ የሱፍ ክር ታስሯል። አንድ የተወላገደ የለም። ጋሽ ወልደአረጋይ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተመለከቱን። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም» አለች ኩብራ፤ የእውነቷንም ነበር።

ስታበራው እምምም አለ። ኩብራ ግራ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ ስትነካ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በሁለት እጅ ከነኩት መብራቱ በደረት አቋርጦ ያልፋል ትላለች። በቀኝ እጇ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘጋችው። እምምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከፈተችው፤ ጨመረ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁለት ናቸው» አለች።

«ምኑ?» አልሁ።

«አንደኛው ቁልፉ ተዘግቶም አለ፤ ወፍራም ነው፤ ከመብራት መግቢያው በኩል ነው የሚመጣው። ሌላኛው ከቁልፉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቀጭን ነው። እሱ በጊታሩ በር በኩል ነው የሚገባው። አንድ በአንድ ነው የምይዛቸው። ሁለት ነገር አንድ ላይ የነካ ጠጋኝ የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ ይሞታል።»

ወፍራሙን ሌባ ማክሰኞ ያዘችው። ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት አጥርተው የሚያሳልፉ ኮንደንሰር የሚባሉ ቆርቆሮዎች አሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ውስጣቸው ይደርቃል። እነዚህም ደርቀዋል። ስፒናው ተነቅሎ እንኳ እንደሚናከሱ አሳየችኝ፤ ጫፋቸውን ስታገናኛቸው ብልጭ አሉና እኔ እስከ በሩ ዘለልሁ። አዳዲሶቹ በሚኒባስ ከአዲስ አበባ መጡላት። በየደች፣ አበራች። ግማሹ ድምፅ ጠፍቷል! ጋሽ ወልደአረጋይ ጨበጧት፣ እኔንም ጨበጡኝ፣ መንገድ ላይ የቆመውን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ጨበጡ፣ በዚያው ባጃጅ እትዬ ማርያማዊትን ሊያመጡ በረሩ።

እትዬ ማርያማዊት ጥቁር ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ገቡ። አጭር ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ሰው ያስቆማል። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ማጉያው ሲበራ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ንቧ ትንሽ ራቅ ብላለች» አሉ። «አልሄደችም።»

«አንቺ ደግሞ! ይቺን ማን ይሰማታል?» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

«እኔ እሰማታለሁ። ስማ ወልደአረጋይ፣ ድሮ የኔ ድምፅ ከማሽኑ በላይ ነበር። ክፍሉ ሙሉ እየተንጋጋ እኔ ስዘፍን በሩ ላይ ይሰማ ነበር፣ አይደለም?»

«ይሰማ ነበር።»

«ከጉሮሮ ሕመሜ ወዲህ ግን የቀረኝ ይቺ ናት።» በእርግጥም ከሹክሹክታ ብዙም አይርቅም። «ማይክ ቢሰጡኝም ያው ሹክሹክታ ነው፣ ተልቆ። ከሰው ጋር እዘፍናለሁ፣ ከጊታር ጋር እዘፍናለሁ፣ ከንብ ጋር አልዘፍንም። ታሸንፈኛለች።» ከዚያ ወደ ኩብራ ዞሩ። «አትቀየሚኝ ልጄ። የመጨረሻዬን ዘፈን ሰው 'ምን አለች?' እያለ እንዲሰማኝ አልፈልግም።»

«አልቀየምም እትዬ» አለች ኩብራ። «ንቧን ለቅዳሜ አወጣታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እትዬ ማርያማዊት ሲወጡ ኩብራ ፊቷ ተለወጠ። ያ ፊት ይታወቀኛል፤ ካፖርቷን አውልቃ እጅጌዋን ስትሰበስብ ሰው ባያናግራት ይሻላል።

በማግስቱ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ሞከረች። የመጀመሪያውን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚቀበለውን ስትነቅለው ንቧ ጸጥ አለች። «አየህ፣ በሩ ይኼ ነው» አለችኝ። ሌላ ደህና ቫልቭ ከአሮጌ ሬዲዮ አውጥታ ተካችበት፤ ንቧ ተመለሰች። ስለዚህ አምፖሉ ንጹሕ ነው። የጊታሩን ገመድ ቀየረች፤ ያው። ከሱቁ ጀርባ ረጅም ብረት መሬት ውስጥ ቀብራ፣ ዙሪያውን ውኃ አጠጥታ፣ ሣጥኑን በሽቦ ከመሬቱ ጋር አገናኘችው፤ ያው። ጎረቤቶች «ኩብራ ብረት ተክላ ውኃ ታጠጣለች፣ ምን ሊበቅልላት ነው?» ብለው ሳቁ። «ምላስ!» አለቻቸው።

ጋሽ ወልደአረጋይ ግን ምክንያቱን ካወቁ ቆይተዋል። «የኢንዱስትሪው መንደር መብራት ነው! ይኼ ሁሉ ፋብሪካ አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ መብራቱ ይጠራል? ማሽን ነው የምንሰማው፣ ኩብራ። እኔ የማሽን ሰው ነኝ።»

«ቢሆን ኖሮ ሌላውም ሬዲዮዬ ይሰማው ነበር ጋሼ።»

«ሬዲዮሽ ጆሮ የለውም!»

ኩብራ ትንሽ አሰበች። «እሺ። አንከራከር። ፋብሪካ የሌለበት አገር ወስደን እናበራዋለን። እዚያ ዝም ካለ እርስዎ ረቱኝ። እዚያም ካንጎራጎረ መብራቱን መውቀስ ያቆማሉ።»

ሐሙስ ጠዋት ማጉያውን ይዘን አንኮበር ወረድን። «ይዘን» ያልሁት ሱቄን ዘግቼ ስለተከተልሁ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ማን ፎቶ ኮፒ ያነሣል! ማጉያው በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ በሚኒባሱ መስኮት በኩል እንደ ሰው ተቀመጠ።

«ፋዘር፣ ይኼ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» አለ ረዳቱ።

«ሰው ነው» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«ይናገራል እንጂ! ጭራሽ ዝም ማለት ነው ያቃተው» አለች ኩብራ፤ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ወልደአረጋይ አልሳቁም። መንገዱ በተጠመዘዘ ቁጥር ሣጥኑን ደግፈው ያዙት።

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ ከቆላው እየወጣ መንገዱን ይልሰው ነበር። አባ ዘሥላሴ ዘንድ ሄድን፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ድምፅ ማጉያ የምትጠግነው ኩብራ ናትና ሲያዩዋት ደስ አላቸው። «ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ? ዛሬስ የኔ ደህና ነው።» ነገሩን ነገረቻቸውና ሳሎናቸው ውስጥ ሰካነው።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ቫልቮቹ ቀስ በቀስ ቀሉ።

እምምምም።

ያችው ንብ ናት። አብራን በሚኒባስ ተሳፍራ መጥታለች።

ጋሽ ወልደአረጋይ የአባ ዘሥላሴ መደብ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው አርጅቷል» አሉ። «እንደኛው አርጅቷል። ማርያማዊትን እነግራታለሁ። ሳይዘፈንም ሰው ይሸኛል።»

ኩብራ ስፒናውን ነቅላ፣ የኋላ መዝጊያውን ፈትታ፣ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ማየት ጀመረች። አባ ዘሥላሴ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዋ በኩል አጮለቁ።

«አቤት አቤት! እንዴት ያምራል! ይኼ የፈረንጅ እጅ ነው?»

ጋሽ ወልደአረጋይ ባዘኑበት ቀና አሉ። «የፈረንጅ? የኔ እጅ ነው አባ! ፈረንጁማ አተረማምሶ ነበር የላከው። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ከፍቼ ባየው አፈርሁ። እነዚህን ሁለቱን ቡናማዎች ያዩዋቸዋል? ከዚህ ከመብራት ማውረጃው፣ ከትራንስፎርመሩ ተነሥተው ቫልቭ ለቫልቭ የሚሄዱትን? እርስ በርሳቸው እንደ እባብ ተጠማዝዘው ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠማዘዘ ክር ስፈታ የኖርሁ ሰው ዝም ልል ነው? አንድ በአንድ ፈታኋቸው፣ ትርፉን ቆረጥሁ፣ ቀጥ አድርጌ ከሌሎቹ ጋር አሰርኋቸው። የእጅ ሥራ ማለት ይኼ ነው።»

የኩብራ እጅ ቆመ።

ያን ጊዜ ፊቷን ላየ ሰው! መጀመሪያ ደስታው መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታው ደነገጠ። ጋሽ ወልደአረጋይን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ እንደገና ጋሽ ወልደአረጋይን አየች። ተጠማዝዘው የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች በጣቷ ተከተለቻቸው። በሱፍ ክሩ እስር ውስጥ ከጊታሩ መግቢያ ሽቦ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተኝተዋል።

«አባ፣ ትንሽ ደጅ እንውጣ» አለች። «ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ።»

እኔም ወጣሁ። ከአባ ዘሥላሴ አጥር ሥር ገደሉ ይጀምራል፤ ከጉሙ በታች የእሷ አልዩ አምባ ነው።

«ጋሼ፣ ሰኞ 'ማን ነካው' ስልዎት 'እኔ ብቻ' አሉኝ። 'ምን አደረጉ' ማለት ነበረብኝ። ከሌላው ሰው ጋር እንዲያ ነው የማደርገው። አፈርሁ፣ ተውሁት። እርሱ የኔ ጥፋት ነው።»

«ምን ልትዪኝ ነው አንቺ?»

«እነዚያ ሁለት ሽቦዎች ቫልቮቹን የሚያሞቀውን መብራት ነው የሚያመላልሱት። አንዱ ሲያመጣ አንዱ ይመልሳል። መብራቱ ደግሞ ይጮኻል። ተጠማዝዘው ካሉ የአንዱን ጩኸት የአንዱ ያጠፋዋል፤ ለዚያ ነው ፈረንጁ የጠመዘዛቸው። ተፈትተው ጎን ለጎን ከተዘረጉ ግን ሁለቱም በየፊናቸው ይጮኻሉ፣ የጊታሩ ሽቦ ደግሞ አጠገባቸው ተኝቶ ይሰማቸዋል።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ኮፍያቸውን አወለቁ። ነፋሱ የቀረችውን ፀጉራቸውን አነሣት።

«ንቧ እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ።

«ጋሼ…»

«ተይ። ቆዪ።» ወደ ቆላው እያዩ ቆዩ። በኋላ እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ ሁለት የማይታዩ ክሮችን በጣቶቻቸው መካከል ያሹ ጀመር። «አንድ ነጠላ ክር ብቻውን ሲጠመዘዝ አልረጋ ይላል፤ ከለቀቅሽው ይጠቀለልብሻል፣ ይረብሻል። ሁለቱን ባንድ ላይ ስትገምጃቸው ግን አንዱ አንዱን ይይዘውና ይረጋሉ። ይኼን ማርያማዊት ናት ያስተማረችኝ፤ የፈትል ሰው እኮ ናት! እኔ የሽመናው ሰው ቀጥ ያለ ድር ብቻ ነው የሚታየኝ።» ወደ ኩብራ ዞሩ። «ይኼ ነው አይደል?»

«ወላሂ ይኼው ነው!» አለች ኩብራ፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። «እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አላስረዳሁም።»

«ታዲያ ምን ያስቆመናል? ቅዳሜ ነገ ወዲያ ነው!»

አባ ዘሥላሴ ምሳ ብሉ ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። መርቀው፣ ዳቦ አስይዘው ሰደዱን።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ወልደአረጋይ ከሁላችን ቀድመው ሱቁ ደጃፍ ቆመው አገኘናቸው። በእጅ የሚዞር የድሮ መሰርሰሪያ ይዘዋል። ኩብራ የተፈቱትን ሽቦዎች ልትጠመዝዝ ብትሞክር አልደረሱም።

«አይደርሱማ!» አሉ። «ክር ሲገመድ ያጥራል። ትርፉን ቆርጫለሁ ብዬሻለሁ እኮ። አዲስ አምጪ፣ ከሚያስፈልገው ዘለግ ያለ።»

የሁለቱን አዲስ ሽቦዎች አንድ ጫፍ እኔ በፒንሳ ያዝሁ፤ ሌላውን በመሰርሰሪያው አፍ አስገብተው እያዞሩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ከሱቁ ወጥተው መንገድ ገቡ። ባጃጆች እየጮሁ አለፉን። «አታላላ! ወጥር! ክር ይዘህ አታውቅም?» ይሉኛል። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ወረቀት ሳይሆን ክር ይዤ የማውቅ ይመስል። ሲጨርሱ ግምዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ ሲለቁትም የማይንቀሳቀስ ሆነ። ኩብራ በጣቷ ዳሰሰችው። «እኔ ብገምደው እንዲህ አይሆንም ነበር» አለች።

ከዚያ የእሷ ሥራ መጣ። ቀዩን የሱፍ ክር በምላጭ በጠሰችው፤ ጋሽ ወልደአረጋይ ፊታቸውን አዞሩ። ግምዱን በሣጥኑ ጥግ ጥግ፣ ከጊታሩ መግቢያ አርቃ ወሰደችው። ከቫልቭ ወደ ቫልቭ እየበየደች ስትሄድ ግንባሯ በብርድ ቀን አላበው። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ እዚህ ጥግ ላይ አንድ ማሰሪያ ያስፈልገኛል» አለች። አያስፈልጋትም ነበር። ከኪሳቸው ቀይ ሱፍ አውጥተው አሰሩላት።

«በይ አብሪው!»

ስፒናውን ሰካች። ምንም። አምፖሎቹም አልቀሉም። ቀና ስንል የእኔም ፎቶ ኮፒ ጠፍቷል፣ የፊት ለፊቱ ወፍጮም ዝም ብሏል።

መብራት ሄዷል።

ጠበቅን። ፀሐይ ዞረች፣ ብርዱ ከእግራችን በታች ተነሣ፣ መብራት አልመጣም። ጋሽ ወልደአረጋይ በየመካከሉ ቁልፉን እየነኩ «ምናልባት…» ይላሉ። ሊመሽ ሲል ኩብራ የኋላ መዝጊያውን ይዛ ብሎኖቹን ማሰር ጀመረች።

«ሳትሞክሪው ልትዘጊው?» አልኋት።

«ጆሮዬን የምጠረጥርበት ጊዜ አለፈ። ነገ እዚያው እንሰማዋለን።» የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ ካቻቢቴውን ኪሷ ከተተች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። የፈትል ክፍል፣ የሽመና ክፍል፣ የቀለም ክፍል፣ ሁሉም ጡረተኛ ጋቢውን ደርቦ መጥቷል። የእትዬ ማርያማዊት ልጅ ደመቀች ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ የእናቷን ሻንጣ ቁልፍ በጣቷ ታሽከረክራለች። መብራት ጠዋት ተመልሷል፤ ቀኑን ሙሉ እንዳይሄድ የማይጸልይ አልነበረም።

ማጉያው መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ኩብራ ከኋላው ቁጢጥ አለች። «ቢስሚላህ» ስትል ሰማኋት፣ ማብሪያውንም ጠቅ አደረገች። ጋሽ ወልደአረጋይ ጊታራቸውን ታጥቀው፣ እጃቸውን ሕብረቁምፊው ላይ ሳያሳርፉ ቆመው ጠበቁ። ሰዉም ያወራ የነበረውን አቆመ፤ ነገሩን ከተማው በሙሉ ሰምቶታልና።

እትዬ ማርያማዊት ጆሯቸውን አዘነበሉ። አዘነበሉና ቆዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምነው፣ አላበራችሁትም እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ወልደአረጋይ አንዷን ክር በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጓት፤ ድምፁ ሞቆና ክብ ሆኖ አዳራሹን ሞላው፣ ከሥሩም ምንም የለም፣ ምንም! እትዬ ማርያማዊት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ተነሥተው፣ ማይኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ ከጊታሩ አጠገብ ቆሙ፤ ጋሽ ወልደአረጋይም የማጉያውን ድምፅ ወደ እሳቸው ድምፅ ልክ ዝቅ አደረጉት። በዚያችው በቀረቻቸው ድምፅ ጀመሩ።

«ማጉ ሲመላለስ ድሩ ቆሞ አደረ፣
ልቤ ካንተ ጋራ ፈረቃ ቀየረ።»

የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበርሁ። እያንዳንዷ ቃል ደረሰችኝ። አንድ ሰው እንኳ አላሳለም፤ በጥር ወር፣ በደብረ ብርሃን!

ጋሽ ወልደአረጋይ አንዴ ብቻ ተሳሳቱ፤ እትዬ ማርያማዊትም ሳያቋርጡ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፣ ድሮም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር የፈትል ክፍል ሰዎች ተሳስቀው ተያዩ። እሑድ ጠዋት ሻንጣው መኪና ላይ ይጫናል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁለቱም ያውቃሉ። እሑድ ግን ገና ነው።

ኩብራን በዓይኔ ፈለግኋት። ከማጉያው ኋላ እንደ ተቀመጠች ናት። ግራ እጇ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ፣ ጆሮዋ የሣጥኑ ጀርባ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ንቧን ትጠብቃለች።

ዘፈኑ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ጊታሩ ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ። እትዬ ማርያማዊት በዚያች ፋታ ዘወር ብለው አዩዋት።

«ኩብራ!» አሉ። «ንቧማ ሄዳለች እኮ። አሁን ወደዚህ ነይና እኔን ስሚኝ።»